ውሻው የማን ነው? በዘመዳሞች መካከል የተነሣ የቤት እንስሳ ክርክርን እንዴት እንጨርስ

ዘመዳሞችን በውሻ የሚያጣላው ነገር ብዙ ጊዜ የሚጀምረው በአደራ ነው። ወንድም ወደ ውጭ ይሄዳል። ቡችላውን እህቱ ግቢ ያስቀምጥና «እስክመለስ ያዢልኝ» ይላል። ጊዜው ይረዝማል። ቡችላው ያድጋል፤ ግቢውን ይጠብቃል፣ ልጆቹን ከትምህርት ቤት ሲመለሱ በር ላይ ይቀበላል። ወንድም ተመልሶ ቤት ይከራይና «ውሻዬን ልውሰድ» ይላል። እህት ደግሞ «የትኛውን ውሻህን?» ትላለች።

ከዚያ በኋላ ነገሩ ስለ ውሻ መሆኑ ይቀራል። እናታችንን ማን ጦረ፣ ማን ስንት ብር ላከ፣ ማን ከሠርግ ቀረ የሚል የቆየ ቂም ሁሉ ይነሣል። ውሻው ሰበብ ይሆናል። በዚህ ምክንያት ለዓመታት የተኮራረፉ ቤተሰቦች አሉ። ነገሩ በጊዜው ከተያዘ ግን እዚህ ደረጃ መድረስ የለበትም።

የማምንበትን ከወዲሁ ልናገር። «ማን ገዛው?» ከሚለው ይልቅ «ከአሁን በኋላ የት ቢኖር ይሻለዋል?» የሚለው ጥያቄ ይበልጣል። ሕጉን ማወቅ ያስፈልጋል፤ የሚያስፈልገው ግን ዘመድን ለመክሰስ ሳይሆን እያንዳንዱ ወገን በእጁ ምን እንዳለ እንዲያውቅ ነው። መመሪያውን የጻፍኩት በአብዛኛው አዲስ አበባንና ሌሎች ከተሞችን አስቤ ነው። የድመት ጉዳይ የሚለይበት ቦታ ላይ ለብቻው አነሣዋለሁ።

1. ውሻው ካለበት አይንቀሳቀስ

ክርክሩ እስኪያልቅ ድረስ ውሻው አሁን በሚኖርበት ቤት ይቆይ። ይሄ የመጀመሪያው እርምጃ ነው፤ የሌላው ሁሉ መሠረትም ይሄው ነው።

ውሻውን የያዘችው ዘመድ ሥራ በሄደችበት ሰዓት ዘበኛውን በር አስከፍቶ ውሻውን ጭኖ መሄድ ነገሩን ያበላሸዋል። እንዲህ ያደረገ ሰው ውሻው የእውነትም የእሱ ቢሆን ሽማግሌ ፊት ሲቀርብ የሚጠየቀው ስለ አወሳሰዱ ነው። ትክክል የነበረው ሰው ጥፋተኛ ሆኖ ይቀመጣል።

ውሻውን የያዘው ወገንም ጥንቃቄ ያስፈልገዋል። ተናዶ ገጠር ላለ ዘመድ መላክ ወይም «ከእኔም ከእሱም ይቅር» ብሎ መሸጥ ሊመለስ የማይችል ነገር ነው። በ1952 ዓ.ም የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን አንቀጽ 1161 ተንቀሳቃሽ ንብረትን በቅን ልቦና፣ ዋጋ ከፍሎ የተረከበ ሰውን ይጠብቃል። አደራ የተቀበለ ዘመድ ውሻውን ምንም ለማያውቅ ሰው ከሸጠው፣ ያንን ገዥ «መልስ» ማለት በጣም ይከብዳል። ከዘመድ ጋር መካሰስ ብቻ ይቀራል፤ ውሻው ግን ሄዷል።

በዚህ መሃል ምግቡም ክትባቱም አይቋረጥ። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ጊዜው ከደረሰ አሁን የያዘው ሰው ያስከትበውና ደረሰኙን ያስቀምጥ። ማን ይክፈል የሚለው በኋላ ይታያል። በሽታው ምልክት ካሳየ በኋላ መድኃኒት የለውም፤ ለሰውም ለውሻም። እናንተ ስትከራከሩ የክትባቱ ቀን ማለፍ የለበትም።

አንድ ነገር ልጨምር። «አደራ በላ» የምትለዋን ቃል አትጠቀሙባት። አንዴ ከአፍ ከወጣች ውሻው ቢመለስም ዘመድነቱ አይመለስም። «ሌባ»ም እንደዚያው።

2. ውሻው እንዴት እንደመጣ ለይታችሁ አስቀምጡ

ሁለቱ ወገኖች ብዙ ጊዜ የሚያወሩት ስለተለያየ ነገር ነው። አንዱ በልቡ አደራ ሰጥቷል፤ ሌላዋ በልቧ ስጦታ ተቀብላለች። ስለዚህ ውሻው እዚያ ቤት የገባበትን ቀን መለስ ብላችሁ አስታውሱ። ምን ተባለ? ማን ሰማ? «ያዙልኝ» ተባለ ወይስ «በቃ ለእናንተ ይሁን»? በቃል የተባለው ካልታወሰ ደግሞ ከዚያ በኋላ የተደረገውን እዩ። የሄደው ሰው ለምግቡ ገንዘብ ይልክ ነበር? ሲደውል ስለ ውሻው ይጠይቅ ነበር? ውሻው ሲታመም «ምን ላድርግ?» ተብሎ ተጠይቆ ያውቃል? ለማዳቀል ሲታሰብ የወሰነው ማን ነው? ለዓመታት አንድም ጊዜ ያልጠየቀ ሰው «አደራ ነበር» ሲል አድማጭ ያጣል። በየወሩ ለቀለቡ በቴሌብር ሲልክ የኖረ ሰው ደግሞ ቃሉ ይሰማል።

ሕጉ የሚነሣው በእጅ ካለው ነው። በአንቀጽ 1193 መሠረት ተንቀሳቃሽ ንብረትን በእጁ ያደረገ ሰው ለራሱ እንደያዘውና ባለቤቱም እሱ እንደሆነ ይገመታል። «አይደለም፣ የእኔ ነው» የሚለው ሰው ማስረዳት አለበት። በሕጉ ዓይን ውሻም ድመትም እንደማንኛውም ተንቀሳቃሽ ንብረት ነው። ይህ ከልብ ለሚወድ ሰው ይከብዳል፤ ነገር ግን ማወቁ ይጠቅማል። አደራ መሆኑ ከተረጋገጠ ግን ሚዛኑ ይዞራል፤ አደራ ሰጪ ንብረቱን መልሶ መጠየቅ ይችላል፣ ለአጠባበቁ የወጣውን አስፈላጊ ወጪ ደግሞ ይተካል። ሁለቱ አብረው ነው የሚሄዱት። «ውሻዬን መልሱ፣ ወጪውን አላውቅም» የሚባል ነገር የለም።

ከአደራና ከስጦታ ውጪ ያሉትን በአጭሩ ላንሣቸው። ሁለት ወንድማማቾች ገንዘብ አዋጥተው የገዙት ውሻ የጋራቸው ነው፤ አንዱ ብቻውን ሊሸጠው አይችልም። የሟች አያት ውሻ የውርስ አካል ነው፤ ወራሾች ከሌላው ንብረት ጋር አብረው ይነጋገሩበታል። ደግነቱ በውርስ ጊዜ ውሻ የሚፈልግ ብዙ ሰው አይገኝም፤ የሚፈልግ ካለ ስጡት። ወንዱን ውሻ ያቀረበ ዘመድ ከሚወለዱት አንድ ቡችላ የሚወስድበት የተለመደ ስምምነት አለ። ይህ አስቀድሞ ካልተነገረ ጠብ ያመጣል። የትኛውን ቡችላ፣ በስንት ሳምንቱ እንደሚወስድ ቡችሎቹ ከመወለዳቸው በፊት ተነጋገሩ።

ለልጅ የተሰጠ ውሻስ? አጎት ለልደት ያመጣውን ቡችላ ካደገ በኋላ «ለግቢዬ ያስፈልገኛል» ብሎ መጠየቁ ሲያጋጥም አይቻለሁ። ለዚህ ምንም ሽማግሌ አያስፈልግም። ስጦታ ነው፣ ልጁ ዘንድ ይቅር።

3. ማስረጃችሁን በአንድ ፌስታል አስቀምጡ

ማስረጃ የሚሰበሰበው ለፍርድ ቤት ብቻ አይደለም። ሰው የሚያየው ወረቀት ሲኖር ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። የክትባት ካርድ፣ የክሊኒክ ደረሰኝ፣ የገዛችሁበት መልእክት፣ በቴሌግራም የተላላካችሁት ፎቶና ድምፅ፣ የባንክ ወይም የቴሌብር ማስተላለፊያ ያላችሁን ሁሉ አውጡ። ፎቶዎቹ ቀን ቢኖራቸው ይመረጣል።

የክትባት ካርዱን በደንብ ተመልከቱት። የእንስሳው ስም፣ ዝርያ፣ ቀለም፣ የተከተበበት ቀን፣ የክትባቱ ብልቃጥ ላይ የነበረችው ትንሽ ተለጣፊ፣ የሐኪሙ ፊርማና ማኅተም ይኖሩታል። ከላይ «የባለቤት ስም» የሚል ቦታ አለ። ብዙ ሰው ይህንን እንደ ሊብሬ ይቆጥረዋል። ግን ያ ስም የተሞላው በዚያ ቀን ውሻውን ይዞ የሄደውን ሰው ጠይቀው ነው። የቤት ሠራተኛዋ ወስዳው ከሆነ የእሷ ስም ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ካርዱ ማን ሲንከባከበው እንደኖረ በደንብ ያሳያል፤ ብቻውን ግን ባለቤትነትን አይቆርጥም።

ማይክሮቺፕ የገባለት ውሻ ከሆነ ክሊኒክ ወስዳችሁ አስነብቡት። የሚወጣው 15 አሃዝ ቁጥር ነው። ቺፑ ውስጥ የሰው ስም የለም፤ ስሙ ያለው ቁጥሩ የተመዘገበበት ቦታ ነው። መዝገቡ ላይ ያለው ስም ከዓመታት በፊት የተጻፈና ያልታደሰ ሊሆንም ይችላል።

ወጪውን በሐቀኝነት አስሉ። በየቤቱ የሚለያይ ስለሆነ ዋጋ አልጠቅስም፤ የሚቆጠረውን ግን ልንገራችሁ። ከሥጋ ቤት የሚመጣው ሳንባና አጥንት፣ የሚቀቀልለት ሩዝ ወይም ዳቦ፣ ክትባት፣ የጥገኛ ትል መድኃኒት፣ ሕክምና፣ የውሻ ቤቱ ቆርቆሮና እንጨት፣ ሰንሰለቱ። ሁዳዴ ላይ የሰፈሩ ሥጋ ቤት ለ55 ቀን ሲዘጋ ሳንባ ፍለጋ ራቅ ብሎ መሄድም አለ፤ ይህን የሚያውቀው ያሳደገው ሰው ብቻ ነው። በሌላ በኩል ውሻው ግቢ ጠብቋል። ወልዳ ከሆነ ቡችሎቿ ተሸጠው ሊሆን ይችላል። ይህም ይቆጠር። ከቤት የተረፈ እንጀራና ፍርፋሪን ግን በብር መተመን ትንሽነት ይመስለኛል፤ ተዉት።

4. ስለ ውሻው ኑሮ ተጠያየቁ

እዚህ ላይ ረጋ በሉ። ሁለቱም ወገን ለየብቻው ወረቀት ይዞ እነዚህን ይመልስ። ቀን ቀን ቤት የሚውለው ማን ነው? ግቢ አለ ወይስ ኮንዶሚኒየም? አከራዩ ውሻ ይፈቅዳል? በግምት ሳይሆን ራሱን ጠይቃችሁታል? ቤት ውስጥ ውሻ የሚፈራ ልጅ፣ አስም ያለበት ሰው አለ? ከእንስሳ ጋር ለመኖር በሃይማኖትም በልማድም የማይመቻቸው አዛውንት አሉ? ሌላ ውሻ አለ? ሌሊት ቢታመም ማን ይነሣል? ሥራ ቢቀየር፣ ልጅ ቢወለድ፣ ቪዛ ቢመጣ ውሻው ወዴት ይሄዳል?

የመጨረሻው ጥያቄ ብዙ ክርክር ይፈታል። «ውሻዬን እፈልጋለሁ» ያለው ወንድም በዓመቱ ተመልሶ የሚሄድ ከሆነ ውሻው ሁለት ጊዜ ቤት ሊያጣ ነው ማለት ነው። ይህን ራሱ ሲያስበው ድምፁ ይለዝባል።

ግቢ ውስጥ ያደገን ትልቅ ውሻ ወደ አራተኛ ፎቅ መውሰድ ቀላል ነገር አይደለም። ይጮኻል፤ ጎረቤት ይማረራል፤ በመጨረሻ በረንዳ ላይ ይታሰራል። ዕድሜው የገፋ ውሻ ደግሞ፣ በእኔ አስተያየት፣ ካለበት መነሣት የለበትም። ዓይኑ ቢደክም እንኳ የለመደውን ግቢ በማሽተት ያውቀዋል።

ድመት ከሰው ባልተናነሰ ከቤት ጋር ትላመዳለች። ድመት ላይ ክርክር ከተነሣ የእኔ ምክር አጭር ነው፤ በቂ ምክንያት ከሌለ ካለችበት አትነሣ።

አንድ የተለመደ «ፈተና» አለ። ሁለቱን ሰዎች ግቢ ዳርና ዳር አቁሞ ውሻውን መፍታት፣ ከዚያ ወደ ማን እንደሚሮጥ ማየት። እባካችሁ ይህን አታድርጉ። ውሻ ለረጅም ጊዜ ያላየውን ሰው ሲያይ በደስታ ያብዳል። በየቀኑ ወደሚያየው ሰው ግን ዝም ብሎ ነው የሚሄደው። ሩጫው የናፈቀውን ያሳይ ይሆናል፤ ማን ዘንድ ቢኖር እንደሚሻለው ግን አያሳይም። ከሁሉ የከፋው ደግሞ የተሸነፈው ሰው ቁስል ነው። ለዓመታት ያበላችው አክስት ዘመድ ፊት «ይኸው ጥሎሽ ሄደ» ስትባል ያንን አትረሳም።

5. የመጀመሪያውን ንግግር ራሳችሁ ጀምሩ

በቤተሰብ የቴሌግራም ግሩፕ ላይ አይጀመር። እዚያ ከተጀመረ ሁሉም ወገን ይይዛል፤ ውጭ ያለው ዘመድ ሌሊት ላይ ያነባል፤ ነገሩ ይሰፋል። በዓል ላይም፣ ለቅሶ ቤትም አይነሣ። በሥራ ቀን፣ ቡና ተፈልቶ፣ ሁለት ሰው ብቻ ሆኖ ቢነሣ ጥሩ ነው። ውጭ ያለ ሰው ከሆነ በጽሑፍ ሳይሆን በቪዲዮ ይደውል።

የሚጠይቀው ሰው ምስጋናን ያስቀድም። ለምሳሌ ለታላቅ እህት ወይም ለአክስት እንዲህ ማለት ይቻላል፦

«እትዬ፣ በመጀመሪያ ቡቺን እስካሁን ስላቆያችሁልኝ እግዜር ይስጥልኝ። እኔ ብይዘው እንደዚህ አላሳድገውም ነበር። አሁን ግቢ ያለው ቤት አግኝቻለሁ፤ እሱን ብወስደው ብዬ አሰብኩ። ግን እናንተ ምን ትላላችሁ? ልጆቹስ? ያወጣችሁትንም ልተካ፤ እንነጋገርበት።»

የያዘችው ደግሞ ስሜቷን ሳትደብቅ፣ ሳትቆጣም ትመልስ፦

«አንተ ስትሄድ ያዙልኝ ማለትህን አልረሳሁም። ግን ብዙ ጊዜ ሆነው፤ ቤቱ ለምዶታል፣ እኛም ለምደነዋል። ወዲያው እሺ ማለት ይከብደኛል። ከልጆቹ ጋር ልነጋገርና በሳምንት ውስጥ እነግርሃለሁ።»

ሳምንት መውሰድ ጥሩ ነው። በዚያው ቁጭ ባልንበት ካልጨረስን የሚል ሰው ይጣላል።

6. ሊሆኑ የሚችሉ መፍትሔዎችን ዘርዝሩ

ክርክሩ «ወይ የእኔ ወይ የአንቺ» ብቻ ሆኖ ከቀጠለ አያልቅም። ውሻው ካሳደገችው ጋር ይቅርና የመግዣውን ዋጋ ትተካለት፤ ወይም ሁለቱም ያወጡትን ይተዉ። ውሻው ይመለስና ወጪው ይተካ። ከቀጣዩ ወሊድ ወንድም ቡችላ ይውሰድ፤ ይሄ ብዙ ጊዜ ያስማማል፣ ቡችላው ለአዲስ ቤት ቶሎ ይለምዳልና። ወይም ሁለቱም የሚያምኑት፣ ግቢ ያለው ሦስተኛ ዘመድ ይውሰደው፤ ሁለቱም እየሄዱ ይዩት።

«ሳምንት እኔ ዘንድ፣ ሳምንት አንቺ ዘንድ» የሚለውን አልወደውም። አጠገብ ላጠገብ ለሚኖሩ ሰዎች ይሠራ ይሆናል። አንዱ አያት ሰፈር ሌላው ገርጂ ሆኖ ግን ውሻውን በየሳምንቱ በመኪና ማመላለስ ለማንም አይበጅም። ምግቡ ይለያያል፣ ሕጉ ይለያያል፤ አንዱ ቤት የተፈቀደው ሌላው ቤት ያስመታዋል።

ውጭ ያለው ዘመድ «እወስደዋለሁ» ካለ ደግሞ መንገዱን አብራችሁ ተመልከቱ። ወደ አውሮፓ ኅብረት አገሮች ለመውሰድ ማይክሮቺፕ፣ ከዚያ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት፣ ከክትባቱ ቢያንስ ከ30 ቀን በኋላ የሚወሰድ የደም ምርመራ ያስፈልጋል። ምርመራው በኅብረቱ ዕውቅና ባለው ላቦራቶሪ መሠራት አለበት፤ ደሙ ከተወሰደ በኋላ ደግሞ ሦስት ወር ይጠበቃል። አሜሪካ ከኦገስት 2024 እ.ኤ.አ. ወዲህ ሕጉን አጥብቃለች። ውሻው ቢያንስ የስድስት ወር ዕድሜ ሊኖረው፣ ማይክሮቺፕም ሊኖረው ይገባል። ኢትዮጵያ የውሻ እብደት በሽታ በብዛት ከሚገኝባቸው አገሮች ዝርዝር ውስጥ ስለሆነች ተጨማሪ ቅጽ፣ የደም ምርመራ ወይም በኳራንቲን መቆየት፣ አስቀድሞ የሚያዝ የእንስሳት መቀበያ ቦታ ይጠየቃል። በፈለጉት ኤርፖርት ሁሉ መግባትም አይቻልም፤ ዋሽንግተን ደለስ ከተፈቀዱት አንዱ ነው። ሕጉ ስለሚሻሻል ትኬት ከመቁረጥ በፊት እንደገና ይጣራ።

ይህን የምዘረዝረው ለማስፈራራት አይደለም። ወጪውንና ወራቱን ካየ በኋላም «እወስደዋለሁ» የሚል ሰው የእውነት ይወደዋል። ያን ጊዜ ቤተሰቡ ሊያግዘው ይገባል። አብዛኛው ግን ዝርዝሩን ሲሰማ «እናንተ ዘንድ ይቅር፣ ስመጣ አየዋለሁ» ይላል።

7. ካልተስማማችሁ ሽማግሌ አስቀምጡ

ሦስት ሰው ይበቃል። ከእያንዳንዱ ወገን አንድ፣ ሁለቱም የሚያከብሩት አንድ። ቢያንስ አንዷ ቤቱን ገብታ የምታውቅ ሴት ብትሆን ጥሩ ነው፤ ውሻውን ማን ሲያበላ እንደኖረ የሚያውቁት ብዙ ጊዜ ሴቶቹ ናቸው። «ለውሻ ብላችሁ ነው?» ብሎ የሚጀምር ሽማግሌ አትምረጡ። ነገሩን ያቃለለ ሰው ሊያስታርቅ አይችልም። ለተከራካሪዎቹ ጉዳዩ ቀልድ አይደለም።

ሽማግሌዎቹ መጀመሪያ ሁለቱንም ለየብቻ ይስሙ። ከዚያ ሁለቱን ቤት ሄደው ይዩ፤ ይህ እርምጃ ብዙ ጊዜ ይዘለላል፣ ግን ከሁሉ የበለጠ የሚጠቅመው እሱ ነው። ውሻው ታሞ ወይም አርጅቶ ከሆነ የሚያክመውን የእንስሳት ሐኪም አንድ ጥያቄ ይጠይቁት፦ «ቤት ቢቀየርለት ይቋቋማል?» የሐኪም ቃል ለሽማግሌም ለተከራካሪም እፎይታ ነው፤ ማንም ተሸነፍኩ አይልም።

8. ስምምነቱን በወረቀት አስፍሩ

«ዘመዳሞች አይደለን፣ ምን ወረቀት ያስፈልጋል?» የሚል ይኖራል። ያጣላችሁ ወረቀት አለመኖሩ ነው። አንድ ገጽ ይበቃል። ሙሉ ስማችሁንና ቀኑን ጽፋችሁ፣ ሁለት ምስክር አስፈርማችሁ፣ አንዳንድ ቅጂ ያዙ። አጻጻፉ እንዲህ ሊሆን ይችላል፦

«እኛ ስማችን ከዚህ በታች የተጻፈው እህትና ወንድም ቡቺ በሚባለው ውሻ ጉዳይ ተስማምተናል። ቡቺ ቡናማ፣ ደረቱ ላይ ነጭ ምልክት ያለው፣ የአራት ዓመት ወንድ ክልስ ውሻ ነው። ከዛሬ ጀምሮ ባለቤቱ እህት ናት። ወንድም የመግዣውን ገንዘብ አይጠይቅም፤ እህትም ለምግብና ለሕክምና ያወጣችውን አትጠይቅም። ወንድም አስቀድሞ ደውሎ ውሻውን ማየትና ማንሸራሸር ይችላል። እህት ልታቆየው ካልቻለች ለሌላ ሰው ከመስጠቷ በፊት ለወንድም ትነግረዋለች። በ15 ቀን ውስጥ ካልወሰደው የመሰላትን ማድረግ ትችላለች። ውሻው በሰው ወይም በንብረት ላይ ጉዳት ቢያደርስ ኃላፊነቱ የእህት ነው።»

የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር አትተዉአት። በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2071 የእንስሳ ባለቤት እንስሳው ለሚያደርሰው ጉዳት ተጠያቂ ነው፤ በድንገት አምልጦት ቢሆንም፣ ጉዳቱን መገመት ባይችልም። «የእኔ ነው» ያለ ሰው ንክሻውንም ተቀብሏል። ሁለቱም «የእኔ» ሲሉ የነበሩ ዘመዶች ጎረቤት ሲነከስ ሁለቱም «የእሱ ነው» ሲሉ መገኘት የለባቸውም።

9. ፍርድ ቤት የመጨረሻው በር ነው

ንብረቱን ያለአግባብ ከያዘበት ሰው ላይ ባለቤቱ በአንቀጽ 1206 መሠረት ማስመለስ ይችላል። ስለዚህ መንገዱ ክፍት ነው። ግን አስቡት። ቀጠሮው ይረዝማል፣ ጠበቃ ያስከፍላል፣ አክስት ምስክር ሆና ትጠራለች። ውሻ ዕድሜው አጭር ነው። የዳኛው ጥያቄ የባለቤትነት ማስረጃ ላይ ያተኩራል፤ ውሻው የት ቢደላው ይሻላል የሚለውን የሚያዩ እናንተና ሽማግሌዎቻችሁ ናችሁ።

ክስ ከተከፈተም በኋላ መታረቅ ይቻላል። የፌዴራል ፍርድ ቤቶች አዋጅ ቁጥር 1234/2013 በፍርድ ቤት በኩል የሚካሄድ የማስማማት ሥርዓት አለው። አዋጅ ቁጥር 1237/2013 ደግሞ ስለ ግልግልና ዕርቅ የወጣ ነው። «ማስማማት እንፈልጋለን» ብላችሁ መጠየቅ አትፈሩ።

ውጭ የምትኖሩ ከሆነ የአገሩን ሕግ እዩ። አሜሪካ ውስጥ ውሻ በሕግ ንብረት ነው። አላስካ በ2017፣ ካሊፎርኒያ በ2019፣ ኒው ዮርክ በ2021 እ.ኤ.አ. የእንስሳው ደኅንነት እንዲታይ የሚሉ ሕጎች ሥራ ላይ አውለዋል፤ እነዚህ ግን ለፍቺ ነው እንጂ ለእህትና ወንድም አይደሉም። በዘመዳሞች መካከል ያለው ጉዳይ እንደ ንብረት ክርክር ነው የሚታየው። የካውንቲው የውሻ ፈቃድ በማን ስም እንደወጣ፣ ማይክሮቺፑ በማን ስም እንደተመዘገበ፣ የክሊኒኩ ሂሳብ በማን ካርድ እንደተከፈለ ይጠየቃል። ጀርመን ደግሞ ከ1990 እ.ኤ.አ. ጀምሮ እንስሳ ዕቃ አይደለም የሚል ሕግ ቢኖራትም፣ ልዩ ድንጋጌ በሌለበት የዕቃ ሕግ ነው የሚሠራበት። የውሻ ግብሩን ማን እንደሚከፍል እዚያ ጥሩ ማስረጃ ነው።

10. ርክክቡ

ውሻው ቤት እንዲቀይር ከተወሰነ በአንድ ቀን አይሁን። አዲሱ ሰው መጀመሪያ እየመጣ ያብላው፣ ያንሸራሽረው። ከዚያ ቅዳሜ ወስዶት ውሎ ይመልሰው። ሙሉ በሙሉ ሲሄድ የሚተኛበትን ጨርቅ ሳታጥቡ አብራችሁ ስጡ፤ የሚበላበት ሳህን፣ የክትባት ካርዱ፣ የሚያውቃቸው ትእዛዞችና የሚፈራው ነገር በወረቀት ተጽፎ አብሮ ይሂድ። ርችት የሚፈራ ከሆነ አዲሱ ባለቤት ከዘመን መለወጫ በፊት ይወቀው።

የሚረከበው ሰው ክሊኒክ ሄዶ ካርዱን በስሙ ያስተካክል። የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ውሻው ከሕፃናት ጋር ብቻውን አይተው። ከነከሰ ወይም ከቧጨረ ቁስሉን በውኃና በሳሙና 15 ደቂቃ አጥቦ ወዲያው ጤና ተቋም መሄድ ነው፤ ተከትቧል ብሎ ቤት መቀመጥ አይገባም። ድመት ከሆነች ቢያንስ ለሁለት ሳምንት ከቤት አትውጣ፤ ካልሆነ ወደ ድሮው ሰፈሯ ስትሄድ መንገድ ላይ ትጠፋለች።

ውሻውም አምልጦ ወደ ቀድሞው ግቢ ሊመለስ ይችላል። ለዚህ አስቀድማችሁ ተነጋገሩ። የቀድሞዋ አሳዳጊ በሩ ላይ ካገኘችው ታስገባው፣ ውኃ ትስጠው፣ ያኔውኑ ትደውል። አዲሱ ባለቤት ደግሞ «አስመለሳችሁት» ሳይል መጥቶ ይውሰደው።